ዋልተር ታል፦ ስለ ኳስ ሕይወቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዋልተር ታል ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ጦርነቱ ይዞራል። የመኮንን ልብስ ለብሶ የተነሳው ፎቶ አለ፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚያ ነው። እኔን ግን ከፎቶው በፊት ያለው ሰው ይበልጥ ይስበኛል። ዋልተር ጠመንጃ ከመያዙ በፊት እንጀራውን ያበሰለለት ኳስ ነበር። ስለዚህ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስቤ ስመልስ ኳሱን አስቀድሜያለሁ፤ ረዘምም አድርጌዋለሁ። ዓመቱና ወሩ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ለመሆኑ ዋልተር ታል ማን ነው?

ኤፕሪል 28፣ 1888 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ፎክስተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በ1909 ለቶተንሃም ፈረመ። በ1911 ወደ ኖርዝሃምፕተን ታውን ተዛወረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ዘመተ፣ ማርች 25፣ 1918 ፈረንሳይ ውስጥ ተገደለ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ነበር የቀረው።

ወላጆቹ ከየት ናቸው?

አባቱ ዳንኤል ታል የካሪቢያን ደሴት ከሆነችው ከባርባዶስ የመጣ አናጢ ነው። የዋልተር አያት በዚያች ደሴት ላይ ባሪያ ነበሩ። ዳንኤል በ1870ዎቹ ፎክስተን ደርሶ እዚያው ሥራ አገኘ፣ አሊስ ፓልመር የምትባል፣ ፎክስተን ያለችበት የኬንት አውራጃ ልጅም አገባ። ነጭና ጥቁር ተጋብተው በትንሽ የእንግሊዝ ከተማ የሚኖሩበት ጊዜ ብዙ አልነበረም። ቢሆንም ቤታቸው በልጆች ተሞላ።

ከዚያ ግን ቤቱ ላይ ሐዘን ተደራረበ። እናቱ በ1895 በካንሰር ሞተች። አባቱ የሟቿን ዘመድ ክላራን አገባ፤ እሱም በ1897 በልብ ሕመም ሞተ። ዋልተር ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ማሳደጊያ ውስጥ ነው ያደገው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የእንጀራ እናታቸው ያንን ሁሉ ልጅ ብቻዋን ማብላት አልቻለችም። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከመከሯት በኋላ ዋልተርና ታላቅ ወንድሙ ኤድዋርድ በ1898 ምሥራቅ ለንደን፣ ቤትናል ግሪን ወዳለ የሕፃናት ማሳደጊያ ገቡ።

ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው የቆዩት ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ኤድዋርድን ግላስጎው የሚኖር የዋርኖክ ቤተሰብ በማደጎ ወሰደው። ዋልተር ለንደን ቀረ። አንዱ ስኮትላንድ፣ ሌላው እንግሊዝ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እዚህ ቦታ ላይ ቆም እላለሁ። እናት ሞተች፣ አባት ሞተ፣ አሁን ደግሞ ወንድም ሄደ። ደስ የሚለው ነገር ወንድማማቾቹ አልተጠፋፉም። እስከ መጨረሻው ይገናኙና ይጻጻፉ ነበር።

ዋልተር ማሳደጊያው ውስጥ የማተሚያ ቤት ሙያ ተማረ። ለማሳደጊያው ቡድንም ኳስ ይጫወት ነበር።

ወደ ትልቅ ኳስ የገባው እንዴት ነው?

በክላፕተን በኩል ነው። ክላፕተን በዚያን ጊዜ ከለንደን ታላላቅ የአማተር ክለቦች አንዱ ነበር። ዋልተር በ1908 ሙከራ አድርጎ ገባ፣ ወራት ሳይቆጠሩም የዋናው ቡድን ተሰላፊ ሆነ።

የ1908–09 የውድድር ዓመት ለክለቡ ልዩ ነበር። ክላፕተን የእንግሊዝ አማተር ዋንጫን፣ የለንደን ሲኒየር ዋንጫንና የለንደን አማተር ዋንጫን በአንድ ዓመት ሰበሰበ። ማርች 1909 ላይ «ፉትቦል ስታር» የተባለው ጋዜጣ ዋልተርን የዓመቱ ምርጥ ግኝት አለው። በትልቅ ደረጃ መጫወት ከጀመረ አንድ ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ ነው እንግዲህ።

አማተር ማለት ያኔ እንደዛሬው አልነበረም። ዛሬ «አማተር» ስንል ደከም ያለ ተጫዋች ማለታችን ነው። ያኔ ግን አማተር ማለት ለኳስ ደሞዝ የማይቀበል ሰው ማለት ነበር፤ ችሎታው ከፕሮፌሽናሉ የሚተካከል አማተር ሞልቶ ነበር። ልዩነቱ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው።

ቶተንሃም ስንት ከፈለው?

10 ፓውንድ የፊርማ፣ በሳምንት 4 ፓውንድ ደሞዝ። ትንሽ ይመስላል። ግን ያኔ በእንግሊዝ ኳስ የደሞዝ ጣሪያ ነበር፤ ከ1901 ጀምሮ ክለቦች በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፍሉ ተከልክለው ነበር። ለአዲስ ተጫዋች የሚሰጠው የፊርማ ገንዘብም ጣሪያው 10 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ቶተንሃም ለዋልተር የሰጠው ደንቡ የሚፈቅደውን የመጨረሻውን ነው። ይህ ክለቡ ስለ እሱ ምን እንዳሰበ ይነግረናል። ከማሳደጊያ ለወጣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ደግሞ ጥሩ ገንዘብ ነበር። በማተሚያ ቤት ሥራ ያን ያህል አያገኝም።

ከመፈረሙ በፊት ደቡብ አሜሪካ ሄዶ ነበር የሚባለውስ?

አዎ። በ1909 በጋ ቶተንሃምና ኤቨርተን አብረው ወደ አርጀንቲናና ኡራጓይ ተጓዙ። ያኔ እንዲህ ያለ ጉዞ በመርከብ ሳምንታት ይፈጃል። ዋልተር ከቡድኑ ጋር ነበር። በፕሮፌሽናልነት የፈረመው ሲመለስ ነው።

ለቶተንሃም ስንት ጨዋታ አደረገ?

በሊጉ 10 ጨዋታ፣ 2 ጎል። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ምንም ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ኳስ ላይ ያን ያህል አልነበረም» ብሎ የሚያልፈው። እንዲህ ማለት ግን ስህተት ነው፤ ምክንያቱን ልናገር።

ቶተንሃም በ1909 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን፣ ማለትም ያኔ ወደነበረው የእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ያደገው። ዋልተር ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ከሰንደርላንድ ጋር በተደረገው የመክፈቻ ጨዋታ ተሰለፈ። ቶተንሃም ተሸነፈ። ከአሥር ቀን በኋላ ማንችስተር ዩናይትድ ወደ ለንደን መጣ። ዩናይትድ በዚያው ዓመት የኤፍኤ ዋንጫን ያነሳ ቡድን ነው። ከ30,000 በላይ ሰው ገባ። ጨዋታው 2 ለ 2 አለቀ፤ ዋልተር ላይ በተሠራ ጥፋት ቶተንሃም ፍፁም ቅጣት ምት አግኝቷል። በሳምንቱ ብራድፎርድ ሲቲ ላይ የመጀመሪያ ጎሉን አስቆጠረ።

ምን ዓይነት ተጫዋች ነበር?

በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። የዋልተር ጨዋታ የተቀረጸበት ፊልም የለንም። ያለን የጋዜጣ ጽሑፍ ነው። ከዩናይትድ ጋር ያደረገውን ጨዋታ ያየ አንድ የለንደን ጋዜጠኛ የጻፈው ግን ከፊልም አይተናነስም።

ጋዜጠኛው መጀመሪያ ያነሳው እርጋታውን ነው። ኳስ ይይዛል፣ አይቸኩልም፣ ተከላካዩ ተታሎ ከቦታው እስኪወጣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ ያቀብላል። የሚያቀብለው ኳስ ጉልበቱ የተመጠነ ነው። በቀኝ ክንፍ ለሚጫወተው ለከርቲስ የሚልክለት ኳስ እንዲያው ከርቲስ ቢፈልግ እንኳ መጥፎ መጫወት እንዳይችል የሚያደርግ ነበር ይላል ጸሐፊው።

ቀርፋፋ ነው የሚሉት ሰዎች ነበሩ። ጋዜጠኛው ለእነሱም መልስ አለው፦ በእውነት ትልቅ የሆነ ተጫዋች ሁልጊዜ ሲቸኩል አይታይም። ዋልተር ተጋጣሚዎቹን ያሯሩጣቸዋል፣ ከዚያ እንደ ቦክሰኛ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ያልፋቸዋል።

እንግዲህ ይህን ሰው በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ጉልበተኛ ሯጭ አይደለም፤ የሚያስብ ተጫዋች ነው። ዛሬ ቢሆን «አእምሮ ያለው አማካይ» የምንለው ዓይነት። ያኔ ቶተንሃም ያሰለፈው በፊት መስመር፣ ከመሐል አጥቂውና ከክንፉ መካከል ባለው ቦታ ነው። ኖርዝሃምፕተን ወደ ኋላ አውርዶ የመሐል ሜዳ ተጫዋች አደረገው። ለእኔ ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው እዚያ ነው።

ብሪስቶል ላይ ምን ተፈጠረ?

ኦክቶበር 1909 ላይ ቶተንሃም ወደ ብሪስቶል ሲቲ ሜዳ ሄደ። ከተመልካቹ የተወሰነው ክፍል ዋልተርን በቆዳው ቀለም ይሰድበው ጀመር። የአንድ ሁለት ሰው ስድብ አልነበረም። ጋዜጣ ላይ ለመውጣት የበቃ ጩኸት ነበር።

የ«ፉትቦል ስታር» ዘጋቢ በቦታው ነበር። ዝም ብሎ አላለፈም። ዘገባውን ኳስና ጭፍን ጥላቻ የሚል ርዕስ ሰጠው። የእነዚያ ሰዎች አፍ ከለንደን ዓሣ ገበያ ስድብ የባሰ ነው ብሎ ጻፈ። ዋልተር በአስተሳሰቡም በአጨዋወቱም ንጹሕ ስለሆነ ኳስ ለሚጫወት ነጭ ሁሉ አርአያ ሊሆን ይችላል አለ። ቀጥሎ ደግሞ የዚያን ቀን ሜዳ ላይ ከነበሩት አጥቂዎች ምርጡ ዋልተር ነበር ብሎ መሰከረ።

ይህን ሁለተኛውን ነገር አደራ አትርሱት። ሰውየው እየተሰደበ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አፉን ከፍቶበታል። እሱ ግን ከሁሉም ተሽሎ ይጫወታል። በእንግሊዝ ኳስ ውስጥ በጥቁር ተጫዋች ላይ ስለደረሰ የተመልካች ስድብ በጋዜጣ በዝርዝር ከተጻፉት የቆዩ ዘገባዎች አንዱ ይህ ነው።

ታዲያ ቶተንሃም ከቡድኑ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው?

ያለውን ላስቀምጥላችሁ። ዋልተር ከብሪስቶሉ ጨዋታ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ተጠባባቂው ቡድን ወረደ። በዚያ ዓመት በዋናው ቡድን ያደረገው 7 ጨዋታ ነው። በቀጣዩ ዓመት 3 ብቻ።

የኳስ ምክንያትም ማቅረብ ይቻላል። ቶተንሃም አዲስ ያደገ ቡድን ነበር፤ ላለመውረድ ይታገል ነበር። እንዲያውም ከመውረድ የተረፈው በመጨረሻው ቀን ቼልሲን አሸንፎ፣ ቼልሲን በራሱ ፈንታ አውርዶ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አሰላለፍ ይቀያየራል፣ ልምድ ያለው ሰው ይፈለጋል። ዋልተር ደግሞ ከአማተር ኳስ ከመጣ ጥቂት ወራቱ ነው።

ግን አንድ ነገር አይዋጥልኝም። በዩናይትድ ጨዋታ ጋዜጣው ያደነቀው፣ ብሪስቶል ላይ ከአጥቂዎች ሁሉ ምርጡ የተባለ ሰው በቀጣዩ ዓመት ተኩል ውስጥ ሦስትና አራት ጊዜ እንኳ በተከታታይ አልተሞከረም። ክለቡ ጩኸቱን ፈርቶ ልጁን ከፊት ዞር አድርጎታል ብዬ አምናለሁ። የእኔ ፍርድ ነው። የታሪኩን ቅደም ተከተል ያየ ሰው በቀላሉ ሌላ መደምደሚያ ላይ የሚደርስ አይመስለኝም።

ወደ ኖርዝሃምፕተን መሄዱ ውድቀት አልነበረም?

አልነበረም። ይህ ዋልተር ላይ ከሚነገሩት ሁሉ በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ነው። ሰው የዛሬውን ሚዛን ይዞ ያኔን ይመዝናል። «ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወደ ሳውዘርን ሊግ፣ በቃ አለቀለት» ይላል።

ሳውዘርን ሊግ በ1911 ዛሬ እንደምናውቀው ዝቅተኛ ሊግ አልነበረም። የደቡብ እንግሊዝ ጠንካራ ፕሮፌሽናል ክለቦች የሚጫወቱበት ውድድር ነው። ራሱ ቶተንሃም በ1901 የኤፍኤ ዋንጫን ሲያነሳ የሳውዘርን ሊግ ክለብ ነበር። በ1920 የሊጉ ከፍተኛ ምድብ ክለቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ዋናው የእንግሊዝ ሊግ ተጠቃለው ገብተው አዲሱን ሦስተኛ ዲቪዚዮን መሠረቱ። ኖርዝሃምፕተን ደግሞ የሳውዘርን ሊግን በ1909 ያሸነፈ ክለብ ነው።

ዋልተርን የወሰደው አሰልጣኝ ማን መሰላችሁ? ኸርበርት ቻፕማን። የአርሰናል ደጋፊዎች ስሙን ታውቁታላችሁ፤ በኋላ ሃደርስፊልድንና አርሰናልን ለሊግ ዋንጫ ያበቃው ሰው ነው። ቻፕማን ራሱ የቶተንሃም ተጫዋች ነበር። ኖርዝሃምፕተንን ከታች አንስቶ ሻምፒዮን ያደረገውም እሱ ነው። ተጫዋች የማየት ዓይኑ የታወቀ ሰው ኦክቶበር 1911 ላይ ገንዘብ ከፍሎ፣ ቻርሊ ብሪታን የተባለውን ተከላካዩን ደግሞ ለቶተንሃም ሰጥቶ ዋልተርን አመጣ። ለወደቀ ተጫዋች እንዲህ አይደረግም።

ውጤቱም ታየ። ዋልተር ለኖርዝሃምፕተን 111 ጨዋታ አደረገ፣ 9 ጎል አስቆጠረ። ቻፕማን በ1912 ወደ ሊድስ ሲቲ ሲሄድ እንኳ ዋልተር ቦታውን አላጣም። የመሐል ሜዳ ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ ጦርነቱ እስኪመጣ ቀጠለ። በከተማው በጣም ከሚወደዱት ተጫዋቾች አንዱ ነበር። ስለዚህ ስለ ዋልተር ታል የኳስ ሕይወት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የቶተንሃምን 10 ጨዋታ አይደለም። ኖርዝሃምፕተንን ነው።

በእንግሊዝ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል እሱ ነው?

አይደለም። የመጀመሪያው ዛሬ ጋና በምትባለው አገር፣ አክራ የተወለደው በረኛ አርተር ዋርተን ነው፤ በ1889 ለሮዘርሃም ታውን በፕሮፌሽናልነት ተጫውቷል። ከበረኛ ውጪ ቢባልም ዋልተርን የሚቀድሙ አሉ። ስኮትላንዳዊው ዊሊ ክላርክ በ1901 ለአስተን ቪላ በአንደኛ ዲቪዚዮን ጎል አስቆጥሯል። ዋልተርን ለማክበር የሌሎቹን ወረፋ መንጠቅ አያስፈልግም።

ወደ ጦርነቱ የገባው እንዴት ነው?

ጦርነቱ በኦገስት 1914 ሲጀመር የእንግሊዝ ሊግ አልቆመም። ሰው ተናደደ። ወጣቱ እየሞተ እነዚህ ጎረምሶች ኳስ ይራገጣሉ እየተባለ ጋዜጣ ላይ ተጻፈ። በዲሴምበር 1914 የኳስ ተጫዋቾች ሻለቃ ተቋቋመ፤ ስሙ 17ኛው የሚድልሴክስ ሻለቃ ነው። ምሥረታው የተደረገው ለንደን፣ ፉልሃም ማዘጋጃ ቤት ነው። ዋልተር በዚያው ወር ተመዘገበ። መጀመሪያ ላይ ተጫዋቾቹ በሳምንቱ እየሠለጠኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ለክለባቸው እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸው ነበር።

በ1915 መጨረሻ ፈረንሳይ ገቡ። ዋልተር ቶሎ ማዕረግ አገኘ። በ1916 የጸደይ ወራት የከባድ መሣሪያ ድብደባ አእምሮውን ጎድቶት ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ታከመ። ሲሻለው እንደገና ዘመተ፣ ፈረንሳይ ውስጥ በሶም ወንዝ አካባቢ በተደረገው ታላቅ ውጊያም ተሳተፈ። በዓመቱ መጨረሻ በምሽግ ውስጥ በሚይዝ ትኩሳት ታሞ እንደገና አገሩ ገባ።

ጥቁር መኮንን መሆን ተከልክሎ አልነበረም?

ተከልክሎ ነበር። የሠራዊቱ መመሪያ መኮንንነትን ንጹሕ አውሮፓዊ ዘር ላላቸው ሰዎች ብቻ ይወስን ነበር። ዋልተር ግን ስኮትላንድ ውስጥ ጌልስ በተባለ ቦታ የመኮንንነት ሥልጠና ወሰደ፣ ሜይ 30፣ 1917 ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። አለቆቹ በውጊያ አይተውታል፤ መኮንን እየሞተ ያልቅ ነበር፤ ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ።

ብቸኛው ወይም የመጀመሪያው ነው ማለት ግን አይቻልም። ጆርጅ ቤማንድና ዴቪድ ክሌመትሰን ሁለቱም በ1915 መኮንን ሆነዋል። ዋልተርን የተለየ የሚያደርገው ነጭ ወታደሮችን ከፊት ሆኖ ወደ ውጊያ መምራቱ ነው። ጣሊያን ውስጥ፣ በ1918 መጀመሪያ፣ 26 ወታደሮችን ይዞ በሌሊት የፒያቬን ወንዝ ተሻግሮ ጠላት መስመር ገባ። አንድም ሰው ሳይጎድልበት ተመለሰ። የክፍለ ጦሩ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ሲድኒ ሎፎርድ ጀግንነቱንና እርጋታውን በጽሑፍ አመሰገነ።

እርጋታ! በ1909 የለንደኑ ጋዜጠኛ ከዩናይትድ ጨዋታ በኋላ የተጠቀመበት ቃል ይኸው ነው። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም። የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ሰው ነው።

እንዴት ሞተ?

ማርች 21፣ 1918 ጀርመኖች ትልቁን ማጥቃት ጀመሩ። የዋልተር ሻለቃ ከጣሊያን ፈረንሳይ ከተመለሰ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። ማርች 25 ላይ፣ በፓ ደ ካሌ አውራጃ ፋቭረይ በምትባል መንደር አቅራቢያ እያፈገፈጉ ሳለ ዋልተር ተመታ።

ወታደሮቹ ሊተዉት አልፈለጉም። ከመካከላቸው አንዱ ቶም ቢሊንግሃም ነው፤ ዛሬ ሌስተር ሲቲ የምንለው የሌስተር ፎስ በረኛ የነበረ ሰው። ቢሊንግሃም በጥይት መሐል የዋልተርን አስከሬን ይዞ ለማምጣት ሞከረ። ጀርመኖቹ ስለደረሱበት ጥሎት ለመሄድ ተገደደ። አስከሬኑ አልተገኘም። ዋልተር መቃብር የለውም፤ ስሙ ያለው አራስ ከተማ ባለው የመታሰቢያ ግንብ ላይ ነው።

ሚሊተሪ ክሮስ የተባለው የጀግንነት ሜዳልያ ጉዳይስ?

አብሮት የነበረ አንድ መኮንን ለኤድዋርድ የሐዘን ደብዳቤ ጻፈለት። ዋልተር በሻለቃው ሁሉ የተወደደ እንደነበር ነገረው፤ ለሚሊተሪ ክሮስ ታጭቶ እንደነበርና በእርግጥም እንደሚገባው ጨመረለት። ሜዳልያው ግን አልተሰጠም። በዚያን ጊዜ ደንብ ይህ ሜዳልያ ለሟች አይሰጥም ነበር፤ ደንቡ የተለወጠው በ1979 ነው። በ2018፣ መቶኛ ዓመቱ ላይ፣ ከመቶ በላይ የእንግሊዝ ፓርላማ አባላት ይሰጠው ብለው ፈረሙ። መንግሥት አልሰጠም። ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ለሕያው ይሰጥ የነበረውን መከልከሉም አሁን ድረስ ያሳዝነኛል።

ለግላስጎው ሬንጀርስ ሊጫወት ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?

ከጦርነቱ በኋላ ሬንጀርስ ሊገባ ተስማምቶ ነበር የሚለው ወሬ በወንድሙ በኤድዋርድ በኩል የመጣ ነው። ነገሩ የሚመስል ነው፤ ወንድሙ የሚኖረው ግላስጎው፣ የሠለጠነውም እዚያው ስኮትላንድ ነው። ለሬንጀርስ አንድም ጨዋታ አላደረገም።

ወንድሙ ምን ሆነ?

ኤድዋርድ የጥርስ ሐኪም ሆነ። በብሪታንያ በዚህ ሙያ ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ ነው። ያሳደገው አባቱም የጥርስ ሐኪም ነበር። ኤድዋርድም በወጣትነቱ ስኮትላንድ ውስጥ ኳስ ተጫውቷል። የዋልተር ደብዳቤዎችና ዕቃዎች ተጠብቀው የቆዩት በእሱ ቤተሰብ ነው።

ዛሬ የት ይታወሳል?

በ2021 የእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም የታላላቆች መዝገብ ውስጥ ስሙ ገብቷል። በፎቶው ቴምብር ታትሟል።

እኔ ግን እድሉን ባገኝ የምሄደው ወደ ኖርዝሃምፕተን ነው። ከ1999 ጀምሮ የክለቡ ስታዲየም አጠገብ የመታሰቢያ ግንብ ቆሞለታል፤ መንገዱም በስሙ ተጠርቷል። ሜዳው ሲክስፊልድስ ይባላል፣ አዲስ ነው፣ ክለቡ የገባበት በ1994 ነው። ዋልተር የተጫወተው ካውንቲ ግራውንድ ላይ ነበር። ሜዳው የክሪኬት ክለቡም ስለነበር ተመልካች የሚቆመው በሦስት ጎን ብቻ ነው፤ በአራተኛው በኩል የክሪኬቱ ሣር ይቀጥላል። ዋልተር ኳሱን ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ተከላካዩ እስኪሳሳት ሲጠብቅ የኖርዝሃምፕተን ሰው ያየው እዚያ ሆኖ ነው።